ለለንደን መልስ አላጣም፤ ለቡላዋዮስ?

«የሙጋቤ ምላስ ብቻውን አንድ ብርጌድ ነበር!» ይለኛል ወዳጄ፣ ስልኩን ወደ ፊቴ አስጠግቶ የድሮ ንግግሩን እያስደመጠኝ።

ብርጌድስ በእጁም ነበረው እለዋለሁ፤ አምስተኛው ብርጌድ ይባላል። የእሱን ሥራ የሚያሳይ ቪዲዮ ግን ስልክህ ላይ አላየሁም።

ዝም አለ። ዝምታውን በክፋት አልያዝኩበትም። ብዙ ሰው የሚያውቀው የቀድሞው የዚምባብዌ መሪ ሙጋቤ ይኸው በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ፈረንጅን ልክ ልኩን የሚነግረው ሙጋቤ ነው። በስሙ ከሚዞረው አባባል ብዙው ከአፉ የወጣ አይደለም፤ ሰው እየፈጠረ ይለጥፍበታል። ከአፉ የወጣው ግን የሚናቅ አይደለም። በ2002 (ካልተናገርኩ በቀር እዚህ የምጠራው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጆሃንስበርግ ላይ በተደረገው የምድር ጉባኤ ለእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ለቶኒ ብሌር «አንተ እንግሊዝህን ያዝ፣ እኔም ዚምባብዌዬን ልያዝ» ሲለው አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አያቱ መሬቱን የተነጠቀ፣ አባቱ «ቦይ» ተብሎ የተጠራ አፍሪካዊ ያን ቃል ሲሰማ ልቡ ቢሞላ አልፈርድበትም።

«ታዲያ ምን ጎደለ?» ይለኛል።

የጎደለውማ የዚያኑ ዓመት አገር ቤት የሆነው ነው። በምርጫ የተፎካከረው ሞርጋን ቻንጊራይ በአገር ክህደት ተከሶ፣ የሞት ፍርድ በሚያስከትል ወንጀል ፍርድ ቤት ይመላለስ ነበር። ነጻ የተባለው በ2004 ነው። ለብሌር አንደበት፣ ለቻንጊራይ ፖሊስ። የውጭ ሰው ሲናገረው ቃል የማያልቅበት ሰው፣ የገዛ ዜጋው ሲጠይቀው ወዲያው ዱላ ያነሳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው እንጂ ለእንግሊዝ መናገሩ አይደለም።

ይኼን ስል የሰማች የሥራ ባልደረባዬ በሌላ በኩል መጣችብኝ፤ «ተወው ባክህ፣ ሰውየው ሲፈጠርም አረመኔ ነበር።»

አልነበረም እህቴ። እንደሱ ብሎ መገላገል ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ከዚያ የከበደ ነው።

ሮበርት ገብርኤል ሙጋቤ የተወለደው የካቲት 21 ቀን 1924 ኩታማ በሚባል የካቶሊክ ሚሲዮን ሰፈር ነው። አባቱ አናጢ ነበር፤ ልጁ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡን ጥሎ ወደ ቡላዋዮ ሄደ። እናቱ ቦና ጸሎተኛ ሴት ነበረች። ልጁ መጽሐፍ ይዞ ብቻውን የሚቀመጥ፣ ከኢየሱሳውያን መምህራን እግር የማይጠፋ ዓይናፋር ነበር። ኋላም አስተማሪ ሆነ። ኔልሰን ማንዴላ የተማረበት የደቡብ አፍሪካው ፎርት ሄር ገብቶ ተማረ፤ ከዚያም አዲስ ነጻ ወደወጣችው ጋና ተሻግሮ እያስተማረ ሳለ ሳሊ ሄይፍሮን የምትባለዋን ጋናዊት መምህርት አገኘ። በ1961 ተጋቡ።

በ1963 መጨረሻ ያኔ ሮዴዢያ ትባል የነበረችው የዚምባብዌ ነጮች መንግሥት አሰረው። የታሰረው ሰው ሲፈታ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በእስር ቤት እስረኛውን ያስተምራል፤ ማታ ደግሞ ራሱ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ በተልእኮ ይማራል፤ ዲግሪ በዲግሪ ላይ ደረበ። በ1966 ታኅሣሥ ግን አንድ መርዶ መጣ። ሦስት ዓመት የሆነው አንድ ልጁ፣ ንሃሞድዜንዪካ፣ አክራ ላይ ታሞ ሞተ። አባት ልጄን ልቅበር ብሎ ለመነ። የጠቅላይ ሚኒስትር ኢያን ስሚዝ መንግሥት አይሆንም አለው። ልጁ ያለ አባቱ ተቀበረ።

እህቴ፣ ይኼን ሰው አረመኔ ሆኖ ተፈጠረ አትበዪኝ። የልጁን ለቅሶ የተነጠቀ አባት ነበር። ይኼን ያነሳሁት እንድታዝኚለት ብቻ አይደለም። ስለ ለቅሶ ገና የምናወራው አለና ያዢልኝ።

«እሺ፣ ስሚዝስ ምን ሆነ?» አለች።

ስሚዝማ በ1976 በሬዲዮ ቀርቦ በሮዴዢያ የጥቁር አብላጫ አገዛዝ በሺህ ዓመትም አይታሰብም ብሎ ነበር። ሺው ዓመት በአራት ዓመት አለቀ። ሙጋቤ በ1975 ወደ ሞዛምቢክ ተሻግሮ ከታጋዮቹ ጋር ተቀላቀለ፤ ጆሹዋ ንኮሞ ደግሞ ዛምቢያ ላይ ሆኖ የራሱን ጦር ይመራ ነበር። ሁለቱም በአንድ ግንባር ስም በ1979 መጨረሻ ለንደን፣ ላንካስተር ሐውስ ተቀምጠው ፈረሙ። በየካቲት 1980 ምርጫ ሆነ። ለጥቁሮች ከተመደበው 80 ወንበር የሙጋቤ ፓርቲ ዛኑ 57፣ የንኮሞ ፓርቲ ዛፑ 20 አገኘ። ሚያዝያ 18 ቀን 1980 ሩፋሮ ስታዲየም ቦብ ማርሊ ዘፈነ፤ የእንግሊዝ ባንዲራ ወረደ።

በዚያ ሰሞን ሙጋቤ የተናገረውን ያዳመጠ ነጭ ገበሬ ሻንጣውን መልሶ ፈታ። ትናንት የጠላኸኝ ዛሬ ወንድሜ ነህ፣ ቂም ይቅር ነበር መልእክቱ። በቃሉም ጸና። የስሚዝን የስለላ አለቃ በሥራው አቆየው፤ የስሚዝን ጄኔራል አዲሱን ጦር እንዲያዋህድ ሾመው። ስሚዝ ራሱ እስከ 1987 ፓርላማ ተቀምጦ መንግሥቱን ይተች ነበር፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ያድራል። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በየገጠሩ ተተከለ፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ነጻ ሆነ። ዚምባብዌያዊ ዛሬም በየአገሩ ተሰዶ አስተማሪና ነርስ የሚሆነው ከዚያ ዘመን በወረሰው ትምህርት ነው። ይኼን የካደ ሰው ከእኔ ጋር አይከራከር።

«እንግዲህ አየህ!» አለ ወዳጄ፣ ደስ ብሎት። «ይቅር ባይ መሪ!»

አሁን ደረስንበት። ልጁን እንዳይቀብር የከለከለውን ስሚዝን ይቅር አለ። እንደሱ የታሰረውን፣ አብሮት የታገለውን፣ አብሮት ለንደን የፈረመውን ንኮሞን ግን ይቅር አላለም። ንኮሞ ምን በደለው? ሃያ ወንበር አገኘ። ይኸው ነው በደሉ።

በ1982 መጀመሪያ በዛፑ እርሻዎች ላይ የተቀበረ መሣሪያ ተገኘ ተባለ። ንኮሞ ከሚኒስትርነቱ ተባረረ። ሙጋቤ ዛፑንና መሪውን ቤት ከገባ እባብ ጋር አመሳስሎ፣ መፍትሔው ጭንቅላቱን መምታት ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ከዚያ በጥር 1983 አምስተኛው ብርጌድ የንኮሞ ደጋፊዎች ወደሚበዙበት የንዴቤሌዎች ምድር፣ ቡላዋዮ ወዳለችበት ማታቤሌላንድ ገባ። የሰሜን ኮሪያ አሠልጣኞች ያሠለጠኑት፣ ከመደበኛው የጦር ዕዝ ውጭ ያለ፣ ቀይ ቆብ ያጠለቀ ጦር ነው። አዛዡ ፔራንስ ሺሪ ነበር።

«ሽፍታ ነበራ!» አለኝ ወዳጄ። «ደቡብ አፍሪካ እያስታጠቀች ትልክ ነበር፤ የትኛው መንግሥት ዝም ይላል?»

ሽፍታ ነበረ። የአፓርታይድ መንግሥትም እጁን አስገብቷል፤ አልክድህም። ግን በ1988 ምሕረት ታውጆ ሽፍታው ሁሉ ከጫካ ሲወጣ ስንት ሆኖ ተገኘ? 120 ገደማ። የሞተው ሰው ግምት ደግሞ እስከ 20,000 ይደርሳል። ንዴቤሌ ነህ፣ የዛፑ ደጋፊ ነህ ተብሎ ገበሬው በገዛ ግቢው ተረሸነ። ባላግዌ በሚባለው ካምፕ በሺዎች ታጉረው ተገረፉ፤ ሬሳ በተተወ የማዕድን ጉድጓድ ተጣለ። በድርቅ ዘመን የእህል መደብር ተዘግቶ ሕዝብ በረሃብ ተቀጣ። ከሁሉ ይልቅ እኔ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ወታደሮቹ ቤተሰቡን አሰልፈው ይገድሉና፣ የቀረው ሰው በመቃብሩ ላይ የራሱ ባልሆነው በሾና ቋንቋ ለዛኑ እየዘፈነ እንዲጨፍር ያስገድዱት ነበር። ማልቀስ ክልክል ነው። ያለቀሰ ይገረፋል፤ ይገደላል። ይኼን የጻፉት የሙጋቤ ጠላቶች አይደሉም፤ በስሚዝ ዘመን ለጥቁሩ ሕዝብ ሲጮኽ የነበረው የካቶሊክ የፍትሕና የሰላም ኮሚሽን በ1997 ምስክር ሰብስቦ ያወጣው ነው።

እህቴ፣ ያዢልኝ ያልኩሽ ይኼን ነው። የልጁን ለቅሶ የተነጠቀ ሰው የሺዎችን ለቅሶ ነጠቀ። አላወቀም ነበር የሚል ካለ ይምጣ። እሱ ካላወቀ ማን ያውቃል?

«ኋላ ተጸጽቶ የለም እንዴ? የእብደት ጊዜ ነበር ብሏል» አለ ወዳጄ፣ ድምፁ ቀዝቀዝ ብሎ።

ብሏል። ንኮሞ ከሞተ በኋላ። ንኮሞ ነፍሱን ለማዳን በ1983 በቦትስዋና በኩል ለንደን ሸሽቶ፣ ተመልሶ፣ በ1987 ታኅሣሥ ፓርቲውን ለሙጋቤ ፓርቲ አስረክቦ፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ተብሎ፣ በ1999 ሞተ። ያን ጊዜ «የእብደት ጊዜ» የምትል ቃል ወጣች። ስማኝማ፤ እብደት ደመወዝ አይከፈለውም። እብደት በጀት አይያዝለትም፣ አሠልጣኝ ከፒዮንግያንግ አይመጣለትም፣ አምስት ዓመት አይቆይም። ይቅርታ ደግሞ «እኔ» ይላል፤ «ጊዜው» አይልም። ሺሪም ለፍርድ አልቀረበም። የአየር ኃይል አዛዥ፣ ኋላም የእርሻ ሚኒስትር ሆኖ በ2020 ሲሞት በብሔራዊው የጀግኖች መካነ መቃብር ተቀበረ።

«ፈረንጆቹ ግን በጊዜ ነቅተውበት ነበር» አለች ባልደረባዬ።

ኧረ በፍጹም! የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት የሰጠው መቼ ነው? በ1984፤ አምስተኛው ብርጌድ በማታቤሌላንድ ሥራው ላይ ሳለ። ንግሥት ኤልሳቤጥ የክብር ናይት ያለችው በ1994 ነው፤ ደሙ ሳይታጠብ። ክብሩ የተገፈፈው መቼ ነው? የዩኒቨርሲቲው በ2007፣ የንግሥቲቱ በ2008። በመሃል ምን መጣ? የነጭ እርሻ ተወረረ። የንዴቤሌ ገበሬ ሲያልቅ የተሸለመ፣ የእንግሊዝ ዘር ገበሬ ሲፈናቀል ተገፈፈ። ሙጋቤ ይኼን እያነሳ ሲሰድባቸው ልክ ነበር። የእሱ ጥፋት እነሱን አያጸድቅም፤ የእነሱም ግብዝነት እሱን አያጸድቅም። እኛ አፍሪካውያን ግን ሁለተኛዋን ቶሎ እንረሳታለን።

መሬት ላይ ስንደርስ ወዳጄ እንደገና ነፍስ ዘራ። «ቢያንስ መሬቱን ለባለቤቱ መልሷል!»

የመሬቱ ጥያቄ እውነት ነው፤ እዚህ ላይ ማንም አያላግጥ። ነጻነት ሲታወጅ 6,000 የሚሆኑ ነጭ ገበሬዎች 15 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ለም መሬት ይዘው፣ ሚሊዮኖች ጥቁሮች ደግሞ ጭንጫና ደረቅ በሆነው ላይ ተፋፍገው ነበር። የላንካስተር ስምምነትም ለአሥር ዓመት መሬት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይነካ አሰረ። በ1997 ደግሞ የብሌር ሚኒስትር ክሌር ሾርት፣ ብሪታንያ ለመሬቱ ግዢ ልዩ ኃላፊነት የለባትም ብላ ደብዳቤ ጻፈች። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ማንንም ያናድዳል።

ግን አሥሩ ዓመት የሞላው በ1990 ነው። ወረራው የተጀመረው በ2000። በመሃሉ አሥር ዓመት ሙጋቤ ምን ሲሠራ ነበር? መሬቱ ትዝ ያለው መቼ ነው? በየካቲት 2000 ሥልጣኑን የሚያጠናክር ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ አቅርቦ፣ ሕዝቡ አይሆንም ብሎ ከመለሰው በኋላ በቀናት ውስጥ ነው። እሱ ለለንደን መልስ ሲሰጥ ይጨበጨብለታል፤ የገዛ ሕዝቡ አንድ ቀን «አይሆንም» ብሎ ሲመልስለት ግን ነገር ተበላሸ።

መሬት ያገኘ ድሀ የለም እያልኩ አይደለም፤ ከመቶ ሺህ በላይ ቤተሰብ አግኝቷል። የትምባሆው ምርት በ2008 ወደ 48 ሚሊዮን ኪሎ ወርዶ፣ በ2023 ከ290 ሚሊዮን በላይ የደረሰው በአብዛኛው በእነዚሁ ትንንሽ ገበሬዎች እጅ ነው። ጥቁር ገበሬ ማረስ አይችልም ያለ ሁሉ መልሱን እዚያ ያግኝ። ነገር ግን በነጮቹ እርሻ ላይ ሲለፉ የኖሩት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችስ? ብዙዎቹ አያቶቻቸው ከማላዊና ከሞዛምቢክ የመጡ ናቸውና ባዕድ ተብለው ያለ ሥራ፣ ያለ ቤት፣ ሌላው ቀርቶ ያለ ዜግነት ሜዳ ላይ ቀሩ። እነሱም ጥቁሮች ናቸው። በዚያ ላይ ምርጥ ምርጡን ጄኔራሉና ሚኒስትሩ ወሰደ። «መሬት ለባለቤቱ» ከሆነ ባለቤቱ ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ ያንን አፈር የቆፈረው ሠራተኛ አልነበረምን?

ዋሽንግተን ዲሲ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ በስልክ ነው የሚሟገተኝ። «አገሪቱን ማዕቀብ እንጂ ሙጋቤ አልገደላትም» ይለኛል።

የዘመኑን ቅደም ተከተል ያዝልኝ፣ ሌላ አልለምንህም እለዋለሁ። የዚምባብዌ ዶላር በአንድ ቀን ከግማሽ በላይ ዋጋውን ያጣው ዓርብ ኅዳር 14 ቀን 1997 ነው። ለእያንዳንዱ የቀድሞ ታጋይ በበጀት ያልተያዘ 50,000 የዚምባብዌ ዶላር ከታወጀ በኋላ። በ1998 ጦሩን ኮንጎ ላከ። የአሜሪካ ማዕቀብ ሕግ የወጣው በ2001 መጨረሻ፣ የአውሮፓው በ2002። ማዕቀቡ ብድር ዘግቷል፣ ጎድቷል፤ ይኼም ሐቅ ነው። ብር ያተመው ግን ማዕቀብ አይደለም። በሐምሌ 2008 መንግሥት ራሱ ያመነው የዋጋ ንረት 231 ሚሊዮን በመቶ ነበር፤ በጥር 2009 የመቶ ትሪሊዮን ዶላር ኖት ወጣ። አርባ ዓመት ያስተማረች መምህርት ጡረታዋ ዳቦ አልገዛም አላት። የኮሌራው ውሃስ? በ2008 እና በ2009 ከ4,000 ሰው በላይ በቆሸሸ ውሃ አለቀ። በግንቦት 2005 ከሐራሬ ጀምሮ በየከተማው የድሀውን ደሳሳ ቤት በቡልዶዘር የናደውስ? የተባበሩት መንግሥታት መልእክተኛ 700,000 ሰው ቤቱን ወይም መተዳደሪያውን አጥቷል ብላ የጻፈችው ስለየትኛው ማዕቀብ ነው?

የአክስቴ ልጅ «እሱስ...» ብሎ ዝም ይላል። አሜሪካ ተቀምጦ አሜሪካን መቃወም መብቱ ነው፤ የሐራሬን እናት ጡረታ ግን ለክርክሩ ማድመቂያ አያድርጋት።

አሁን ወደ እኛው ሰፈር ልምጣ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ጎረቤት አሉኝ፤ ጨዋ ሰው ናቸው፤ በደርግ ዘመን አገልግለዋል። «ልጄ፣ ሙጋቤን አትንካብኝ» አሉኝ። «ኢትዮጵያ ታጋዮቹን አሠልጥናለች፣ አስታጥቃለች። እሱም ውለታ አልበላም። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ቀን ሲጎድልበት ተቀበለው፤ አሳልፎ አልሰጠውም። ሰው ማለት እንዲህ ነው።»

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ ኢትዮጵያ ውለታ ውላለች። ግን ውለታውን የዋለው ማነው? ያ ጥይት የተገዛው ከገበሬው ግብር፣ ከሠራተኛው ደመወዝ በተቆረጠ ብር ነው። አበዳሪው ሕዝቡ ነው። ሙጋቤ ታዲያ ብድሩን ለማን መለሰ? ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ አገሩን ትቶ ለወጣ አንድ ሰው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጇ በራፏ ላይ ተረሽኖ እንዳታለቅስ የተከለከለች እናት አበዳሪ አልነበረችም? እሷስ ድርሻዋን የምትቀበለው መቼ ነበር? ፍርድ ቤታችን በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በሌለበት ጥፋተኛ ብሎት፣ በግንቦት 2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሞት እንዲቀጣ ሲወስን፣ ሐራሬ እንግዳችን ነው አለች። የሞት ፍርዱን እኔም አልደግፍም፤ እንደዚያ ብለው ይሟገቱኝ፣ እሰማዎታለሁ። ነገር ግን ያቺ እናት ፊት ለፊት ቆማ «ልጄን ለምን?» ብላ ልትጠይቀው ይገባት ነበር። ያንን ጥያቄ ያፈነው የሙጋቤ ጥላ ነው።

ጋሼ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው «ለቅሶ ስትከለከል እኔም አይቻለሁ» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተጨቃጨቅንም።

ሦስት ለቅሶ ሆነ እንግዲህ። አክራ ላይ የሞተ ሕፃን፣ ማታቤሌላንድ ላይ የተጨፈረባቸው መቃብሮች፣ አዲስ አበባ ላይ ጥቁር እንዳይለበስላቸው የተከለከሉ ወጣቶች። የመጀመሪያውን ግፍ ሙጋቤ ተቀበለ፣ ሁለተኛውን ፈጸመ፣ የሦስተኛውን ባለቤት አስጠለለ።

«አዲስ አበባ አፍሪካ ኅብረት ላይ ሲናገር ግን አዳራሹ ቁጭ ብድግ ይል ነበር» ይለኛል ወዳጄ።

ያ ጭብጨባ ነው የሚያሳፍረኝ። በጥር 2015 መጨረሻ የኅብረቱ ሊቀ መንበር ሆኖ ሲመረጥ ዘጠና አንድ ዓመት ሊሞላው ሳምንታት ቀርተውታል። ከዚሁ ከእኛ ከተማ ተመልሶ ሐራሬ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ምንጣፍ ላይ ወደቀ፤ ዓለም ፎቶውን እየቀጣጠለ ሳቀ። እኔ በሽማግሌ መውደቅ አልስቅም፤ የማንም አባት ይወድቃል። ጠባቂዎቹ ግን ፎቶ አንሺዎቹን ፎቶውን አጥፉ ይሏቸው ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ፓርላማ ገብቶ ከሦስት ሳምንት በፊት ያነበበውን ንግግር ከዳር እስከ ዳር ደግሞ አነበበው፤ ከወንበሩ ተነስቶ «አባታችን፣ ይኼ የዱሮው ነው» ያለው የለም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የመለሰለትን ሁሉ ሲያስር ኖሮ፣ በመጨረሻ አንዲት ወረቀት እንኳ የሚያቀብለው ሰው አጣ።

«ያወጣኝ እግዚአብሔር ብቻ ነው የሚያወርደኝ» ያለው በ2008 ነው። በመጀመሪያው ዙር ቻንጊራይ 47.9፣ እሱ 43.2 በመቶ አግኝተው፣ ውጤቱ ከአንድ ወር በላይ ታፍኖ፣ በሁለተኛው ዙር ዘመቻ የተቃዋሚው ሰው ሲደበደብና ሲገደል፣ ቻንጊራይ ራሱን ሊያገልል ቀናት ሲቀሩት። ያወረደው ግን ለሠላሳ ሰባት ዓመት የደገፈው ጦር ነው። በኅዳር 2017 ምክትሉን ኤመርሰን ምናንጋግዋን አባሮ መንገዱን ለሚስቱ ለግሬስ ሲጠርግ፣ የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ቺዌንጋ ታንክ አወጣ። ኅዳር 21 ቀን ሙጋቤ የሥልጣን መልቀቂያውን ፈረመ። ሕዝቡ ወታደሩን እያቀፈ ጨፈረ። ባልደረባዬ «ያኔ ነጻ ወጡ» ትለኛለች። እህቴ፣ በነሐሴ 2018፣ ዓመት ሳይሞላ፣ ያው ወታደር ሐራሬ መሃል በምርጫ ማግሥት ተኩሶ ስድስት ሰው ገደለ። ሰውየው ወረደ፤ ሥራው በወንበሩ ላይ ቀረ።

መስከረም 6 ቀን 2019 ሲንጋፖር ሆስፒታል ውስጥ በ95 ዓመቱ ሞተ። በ1980 በየገጠሩ ጤና ጣቢያ የተከለው ሰው አገሩ ላይ የሚታከምበት አልጋ አላገኘም። ለሬሳውም መንግሥትና ቤተሰብ ተሟገቱበት፤ በመጨረሻ በትውልድ ቀዬው በኩታማ ተቀበረ። ቤተሰቡ አለቀሰ። ማልቀስ ይገባው ነበር፤ ማንም አልከለከለውም፤ እኔም አልከለክልም።

«በቃ፣ ሞቷል። ቁስል አትነካኩ፤ ያለፈው አልፏል» አለኝ ወዳጄ፣ ስልኩን ኪሱ እየከተተ።

ለማን ነው ያለፈው? ምናንጋግዋ በማታቤሌላንዱ ጭፍጨፋ ዘመን የመንግሥት ጸጥታ ሚኒስትር ነበር፤ ዛሬ ፕሬዚዳንት ነው። በሐምሌ 2024 ጉኩራሁንዲ የሚባለው የዚያ ጭፍጨፋ ተጎጂዎች በየአካባቢው ባላባቶች ፊት ቀርበው ይናገሩ ብሎ መርሐ ግብር ከፈተ፤ ስብሰባው ግን ለጋዜጠኛ ዝግ ነው። ማታቤሌላንድ ውስጥ ዛሬ አርባ ዓመት ያለፈው ጎልማሳ አለ፤ አባቱ ተገድሎ የሞት ወረቀት ስላልተሰጠው፣ እሱም የልደት ወረቀት ማውጣት አልቻለም። የልደት ወረቀት ከሌለው መታወቂያ የለውም፤ መታወቂያ ከሌለው አይመርጥም፣ በወጉ አይቀጠርም፣ ልጁንም አያስመዘግብም። ያለፈው አልፏል የምትል ከሆነ፣ መጀመሪያ ይኼን ሰውዬ አስመዝግብልኝ፤ የስብሰባው በርም ተከፍቶ ያልቅስ።